ያያቴ ራዲዮ

(የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሲከበር በወላጆች ቀን አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፥ የኤሌክትሮኒክስ ክበብ ጸሐፊ፥ ያደረገው ንግግር)



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን በምናከብርበት በዛሬው ዕለት በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ደስታዬ ታላቅ ነው። ከኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ አገር ፍቅር መልካም ቃል አሰምተውናል። እኔ ግን የመጣሁት ስለ ሽቦ፥ ስለ መበየጃ ካውያና ስለ ተበላሸ ራዲዮ ላወራችሁ ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ቢታያችሁ አስቀድማችሁ አትፍረዱብኝ፤ እስከ መጨረሻው ከሰማችሁኝ በኋላ ግን እንደ ወደዳችሁ ፍረዱ።

ንግግሬንም በኑዛዜ እጀምራለሁ። የ7ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የአያቴን ራዲዮ አበላሽቻለሁ።

አያቴ ያን ራዲዮ የገዙት በ1970ዎቹ ዓ.ም. ነው። በአራት ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፥ የቆዳ ልብስ ያለው፥ ማንገቻው ተበጥሶ በገመድ የታሰረ ትራንዚስተር ራዲዮ ነበር። የገብስ ዋጋ ጥሩ በሆነበት ዓመት ገዝተው፥ ዝናብ እንዳይነካው በጋቢያቸው ጠቅልለው፥ ራሳቸው እየበሰበሱ እንዳመጡት ብዙ ጊዜ አጫውተውናል። ማታ የዜናው ሰዓት ሲደርስ በቤታችን ማንም አይናገርም። ቡና የምትወቅጠው እጇን ታቆማለች፤ የሚያለቅስ ሕፃን ወደ ውጭ ይወሰዳል። እኛ ልጆችም አገር የሚባለው ነገር ከደብረ ታቦር እንደሚሰፋ፥ ዓለምም ከአገር እንደሚሰፋ መጀመሪያ ያወቅነው ከዚያ ሳጥን ነው።

አንድ ቅዳሜ አያቴ ለቅሶ ለመድረስ ወደ ገጠር ሄደው ሳለ ራዲዮውን ከመደርደሪያው አወረድሁት። ድምፁን የሚያወጣው ነገር ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የነበረኝ ጉጉት እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። ካቻቢቴ ስላልነበረን አራቱን ብሎኖች በቢላዋ ጫፍ ፈታሁ። ክዳኑ ሲከፈት ያየሁትን ዛሬም አልረሳውም፤ ባለ ቀለም ቀለበት ያላቸው የገብስ ፍሬ የሚያህሉ ነገሮች፥ ሦስት ሦስት እግር ያላቸው ትንንሽ ቆቦች፥ ደግሞም እንደ እርሳስ ያለ አንድ ጥቁር ዘንግ፥ በዘንጉም ላይ የተጠመጠመ ከጠጉር የቀጠነ ሽቦ ነበረ። ከበስተኋላ ያለውንም ለማየት ብዬ ሰሌዳውን ሳብ ባደርገው ያ ቀጭን ሽቦ ተበጠሰ። መበጠሱንም ያን ጊዜ አላስተዋልሁም። እንደ ነበረ መልሼ ዘጋሁት፤ ስከፍተው ግን ከሽሽታ በቀር ምንም ድምፅ የለም። ያን ቀን ያደረብኝ ድንጋጤ እስካሁን በሆዴ ውስጥ አለ።

ማታ አያቴ መጥተው ቁልፉን አዞሩት። ደግመው አዞሩት። ባትሪ ድንጋዩን አውጥተው አሹት። ከዚያም ዓይናቸው ወደ ወለሉ ሄደ፤ ሳልመልሰው የቀረ አንድ ብሎን ከእግራቸው ሥር ወድቆ ነበር። ጎንበስ ብለው አነሱት፤ ብሎኑን አዩ፥ እኔንም አዩ፤ ምንም ሳይናገሩ በኪሳቸው ከተቱት። ቢመቱኝ በተሻለኝ ነበር። ራዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ወስደው ሲያሳዩትም «ይህ ያረጀ ነው፤ ዕቃው አይገኝም፤ አዲስ ይግዙ» ተባሉ። አዲስ አልገዙም። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን ይህ ነው፤ የዜናው ሰዓት ሲደርስ ከልማድ ብዛት ወንበራቸውን ወደ መደርደሪያው አቅርበው፥ ከማይናገረው ራዲዮ አጠገብ ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር።

9ኛ ክፍል ደርሼ ወደዚህ ትምህርት ቤት በገባሁ ጊዜ የኤሌክትሮኒክስ ክበብ መኖሩን ሰማሁ። ክበቡ ያን ጊዜ አንድ ጠረጴዛ፥ አንድ መበየጃ ካውያ፥ ሁለት ፒንሳና አንድ ቴስተር ነበረው፤ ዛሬም ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ሀብት የለውም። በመጀመሪያው ቀን የአያቴን ራዲዮ በፌስታል ይዤ ቀረብሁ። ክበቡን የሚመሩት የፊዚክስ መምህራችን ከፍተው አዩትና «ይህን ለመጠገን ገና ነህ፤ አስቀድመህ አንድ ራዲዮ ሥራ» አሉኝ። የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን አልቀለዱም። የምሠራውም ራዲዮ ባትሪ ድንጋይ የሌለው፥ ከኮረንቲም ጋራ የማይገናኝ እንደሚሆን ነገሩኝ።

የተከበራችሁ ወላጆች፥ ባትሪ የማይፈልግ ራዲዮ አለ ቢሏችሁ ታምናላችሁን? እኔ አላመንሁም ነበር። ስለዚህ ከምን እንደ ሠራነው ልንገራችሁ። አንደኛ፥ ወርዱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የካርቶን ቱቦ፤ በርሱ ላይ ሽፋን ያለው የመዳብ ሽቦ 80 ዙር ይጠመጠማል። ሁለተኛ፥ ካረጀ ራዲዮ የወጣ፥ ጣቢያ ለመለወጥ የሚዞረው ተለዋዋጭ ካፓሲተር። ሦስተኛ፥ ጀርማኒየም ከሚባል ንጥረ ነገር የተሠራ አንድ ዳዮድ፤ መጠኑ ከስንዴ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። አራተኛ፥ በጣም ደካማ በሆነ ኀይል የሚናገር የክሪስታል ጆሮ ማዳመጫ፤ የዛሬው የስልክ ማዳመጫ ለዚህ አይሆንም። በመጨረሻም ለአንቴና የሚሆን 20 ሜትር ያህል ሽቦ ከክፍላችን ጣራ እስከ ባሕር ዛፉ ተዘረጋ፤ ሌላ ሽቦ ደግሞ በእርጥብ መሬት ከተቀበረ የብረት ዘንግ ጋራ ተያያዘ። ዳዮዱንና ማዳመጫውን የአንድ ጓደኛችን ወንድም ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ፈልጎ አመጣልን፤ የቀረው ሁሉ እዚሁ የተገኘ ነው።

ሽቦውን በመጀመሪያ የጠመጠምሁት እኔ ነበርሁ። ሥራዬም እንደ ተንጨባረረ ጠጉር ሆነ። ሦስት ጊዜ አፍርሼ ሦስት ጊዜ ጀመርሁ። በመጨረሻ ከኔ በአንድ ክፍል የምታንስ የክበባችን አባል ቱቦውን ከእጄ ወስዳ፥ ስፌት በለመደ እጇ አንዱን ዙር ካንዱ አስጠግታ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨረሰችው። ይህንም የምናገረው ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ «ይህ የወንድ ልጅ ሥራ ነው» የሚሉ አንዳንድ ሰዎች ስላሉ እንዲሰሙት ነው። በክበባችን ውስጥ ካሉት ሁሉ እጇን የሚበልጥ እጅ የለም።

ሁሉን ገጥመን ማዳመጫውን በጆሮዬ አደረግሁ። ምንም የለም። ካፓሲተሩን አዞርሁ፥ ሽቦውን ነካካሁ፤ ምንም የለም። ያን ጊዜ መምህራችን ስሕተቱን አልነገሩኝም። «ሽቦው ምን ለብሷል?» ብለው ጠየቁኝና ሄዱ። ሌሊቱን ሳስበው አደርሁ። በማግሥቱም ገባኝ፤ የመዳቡ ሽቦ ዙሮቹ እርስ በርሳቸው እንዳይነካኩ በስስ ቫርኒሽ የተለበደ ነው። የጫፉ ሽፋን ካልተላጠ ኤሌክትሪክ አያልፍም። ጫፎቹን በምላጭ ልጠን እንደ ገና አገናኘን።

በዚያኑ ቀን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን፥ ከሩቅ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ያለ የሰው ድምፅ በጆሮዬ ገባ። ቋንቋው ዐረብኛ ነበር፤ የሚለውን አልሰማሁትም። ነገር ግን ከካርቶን፥ ከሽቦና ከአንዲት ፍሬ ውስጥ፥ ያለ አንዳች ባትሪ፥ ከድንበራችን ማዶ ያለ ሰው ሲናገር ሰማሁ። ማዳመጫውን ለጓደኞቼ በየተራ አሳለፍሁት። ተራው የደረሰው ሁሉ ዝም ይላል፤ ፊቱም ይለወጣል። በአያቴ ቤት የነበረውን ጸጥታ ያን ጊዜ እንደ ገና አየሁት።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ በአጭሩ ላስረዳ። የራዲዮ ጣቢያ በአንቴናው ላይ ኤሌክትሪክን ወዲያና ወዲህ ያመላልሳል፤ መካከለኛ ሞገድ በሚባለው ክፍል ይህ ምልልስ በሴኮንድ ከ530 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ከ600 ሺህ ጊዜ ያህል ነው። ተናጋሪው ድምፁን ከፍና ዝቅ ሲያደርግ የሞገዱም ቁመት አብሮ ከፍና ዝቅ ይላል። ሞገዱ ወደኛ አንቴና ሲደርስ በሽቦው ውስጥ እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያንቀሳቅሳል። ጥቅልሉና ካፓሲተሩ ከብዙዎቹ ጣቢያዎች አንዱን ይመርጣሉ። ይህም አንድ ክራር ሲመታ በዚያው ቅኝት የተቃኘ የሌላ ክራር ክር ሳይነካ እንደሚንቀጠቀጥ ያለ ነው፤ ካፓሲተሩን ማዞርም ክራርን እንደ መቃኘት ነው።

ነገር ግን ይህን ያህል ፈጣን ምልልስ ማዳመጫው ሊከተለው አይችልም፤ ወዲያ የሳበውን ወዲህ ስለሚገፋው እኩል ይጣፋል። የዳዮዱ ሥራ እዚህ ላይ ነው። የብስክሌት ጎማ አፍ አየር ያስገባል እንጂ እንደማያስወጣ ሁሉ ዳዮድም ኤሌክትሪክን በአንድ በኩል ያሳልፋል፥ በሌላ በኩል ይከለክላል። ግማሹ ሞገድ ሲቀር የቀረው ግማሽ ማዳመጫውን የተናጋሪው ድምፅ እንዳለው መጠን ይገፋዋል። ኀይሉስ ከየት መጣ? ከጣቢያው ራሱ መጣ፤ ማዳመጫችንን ያንቀሳቀሰው ሞገዱ ከጣቢያው ይዞት የመጣው ጕልበት ነው። በሌሊት ከሩቅ የምንሰማበትም ምክንያት ይህ ነው፤ ቀን ቀን በሰማይ ከፍታ ላይ ፀሐይ የምትፈጥረው አንድ የአየር ንብር መካከለኛውን ሞገድ ይውጠዋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ንብር ይጠፋና ሞገዱ ከርሱ በላይ ባለው ንብር ተመልሶ ሩቅ አገር ይደርሳል።

የተወደዳችሁ ጓደኞቼ፥ ይህችን ፍሬ ማን እንዳገኛት በጠየቅሁ ጊዜ ያገኘሁት ታሪክ ከራዲዮው ይልቅ አስደነቀኝ። ከዚህ ቀጥሎ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1874 ካርል ፈርዲናንድ ብራውን የተባለ ጀርመናዊ አንዳንድ ማዕድኖች ኤሌክትሪክን በአንድ በኩል ከሌላው ይልቅ እንደሚያሳልፉ ተመለከተ። ራዲዮ ገና ስላልነበረ ለምን እንደሚጠቅም ማንም አላወቀም። በሕንድ አገር ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ የእርሳስ ማዕድን የሆነውን ጋሌና ሞገድ ለመያዝ ተጠቅሞበት በ1904 በአሜሪካ የፈጠራ መብት አገኘ። በ1906 ደግሞ ግሪንሊፍ ፒካርድ የሲሊኮን ክሪስታል ራዲዮ መቀበያ አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ በብዙ አገር ያሉ ወጣቶች ከድንጋይ ቍራጭና ከቀጭን ሽቦ ራዲዮ በየቤታቸው ይሠሩ ጀመር።

ከነዚህ ወጣቶች አንዱ በ1903 በሩሲያ የተወለደው ኦሌግ ሎሴቭ ነው። በኒዥኒ ኖቭጎሮድ ከተማ በሚገኝ የራዲዮ ምርምር ቤት መልእክት በማድረስ ሥራውን ጀመረ። እዚያው ሆኖ ክሪስታሎችን ሲመረምር ሳለ ከመርፌው ጫፍ ሥር ትንሽ ብርሃን ሲወጣ አየ። ከርሱ በፊት በ1907 አንድ እንግሊዛዊ ይህን አይቶ በጥቂት መስመር ጽፎት ነበር፤ ሎሴቭ ግን ዓመታት ሙሉ መረመረው፥ ከ1927 ጀምሮም ጽሑፉን አሳተመ። በ1942 ሌኒንግራድ በጠላት በተከበበች ጊዜ በረኃብ ሞተ። ዛሬ በየቤታችን የሚበራው የኤል.ኢ.ዲ. አምፖል የዚያች የመርፌ ጫፍ ብርሃን የልጅ ልጅ ነው።

ሁለት ሰዎች በሁለት ቦታ ስለ ያዙት ምላጭም ልንገራችሁ። በ1944 የአሜሪካ ወታደሮች በኢጣልያ ባሕር ዳር በአንዚዮ ግንባር ላይ በጕድጓድ ውስጥ ሳሉ፥ ከጢም መላጫ ምላጭ፥ ከእርሳስ ዘንግና ከመርፌ ቍልፍ ራዲዮ ሠርተው በጦርነቱ መካከል ዘፈንና ዜና ሰሙ። የእርሳሱ ጫፍ በምላጩ ላይ ሲያርፍ የዳዮድን ሥራ ይሠራል። ከዚያ ሦስት ዓመት በኋላ፥ በታኅሣሥ 1947፥ በአሜሪካ ቤል በተባለው ታላቅ የምርምር ቤት ዋልተር ብራቴን አንዲት የፕላስቲክ ሽብልቅ በወርቅ ቅጠል ሸፍኖ፥ ወርቁን በምላጭ ሰንጥቆ፥ በጀርማኒየም ቍራጭ ላይ በሽቦ ስፕሪንግ ተጫነው። ይህ ዕቃ የመጀመሪያው ትራንዚስተር ሆነ። ብራቴን፥ ጆን ባርዲንና ዊልያም ሾክሊ በ1956 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉበት። በ1954 ትራንዚስተር ያለው የኪስ ራዲዮ በአሜሪካ ለገበያ ወጣ። ዛሬ በእያንዳንዳችን ኪስ ባለው ስልክ ውስጥ በቢሊዮን የሚቈጠሩ ትራንዚስተሮች አሉ። ጕድጓድ ውስጥ የነበረው ወታደርና ታላቁ ሊቅ በዕውቀት እጅግ ይራራቃሉ፤ የያዙት ምላጭ ግን አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም ያላቸውን ይዘው በእጃቸው ሞከሩ።

ምናልባት «ይህ ሁሉ የሌላ አገር ታሪክ ነው» ትሉ ይሆናል። እንግዲያውስ ወደ አህጉራችን እንመለስ። በማላዊ አገር ዊልያም ካምኳምባ የተባለ ልጅ ነበር፤ የተወለደው በ1987 ነው። ከጓደኛው ጋራ ሆኖ የመንደሩን ሰዎች ራዲዮ እየፈታ ይጠግን ነበር። በ2001 እና በ2002 ታላቅ ረኃብ በመጣ ጊዜ ወላጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ስላጡ ከትምህርት ወጣ። በአቅራቢያው ካለች ትንሽ ቤተ መጻሕፍት አንድ የሳይንስ መጽሐፍ ተውሶ፥ በሥዕሉ ላይ ያየውን የነፋስ ወፍጮ ከብስክሌት፥ ከትራክተር ማራገቢያና ከፕላስቲክ ቱቦ ሠራ። በእንጨት ማማ ላይ ሰቅሎም አምፖል አበራ። የመንደሩ ሰው አብዷል ብሎት ነበር። በኋላ ትምህርቱን ቀጥሎ በ2014 በአሜሪካ ከዳርትማውዝ ኮሌጅ ተመረቀ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ፤ መጽሐፉን ሲያነብ እጁ አስቀድሞ በራዲዮ ጥገና ተፈትኖ ነበር። መጽሐፉ የረዳው እጁ ስለ ተዘጋጀ ነው።

በአሁኑ ጊዜ ደግሞ መንገዱ ከቀድሞው ይልቅ ቀሏል። በ2005 በኢጣልያ በኢቭሬያ ከተማ አርዱዊኖ የሚባል፥ ተማሪ በቀላሉ የሚያዘው ሰሌዳ ተሠራ። በ2012 በእንግሊዝ አገር ራስበሪ ፓይ የሚባል የመዳፍ ስፋት የሚያህል ኮምፒዩተር በ35 ዶላር ለገበያ ወጣ። ክበባችንም በስጦታ ባገኘው አንድ የአርዱዊኖ ሰሌዳ የውሃ ታንከሩ ሲሞላ የሚጮኽ ደወል ሠርቷል። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ «ይህ ደወል ከናንተ ሁሉ ይሻላል፤ አይረሳም» ብለው መስክረውልናል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ወላጆች «ልጄ ሽቦ ሲጐለጕል ይውላል፤ መቼ ያጠናል?» ይላሉ። ይህ ሥጋት ፍቅር ያመጣው ነውና አልንቀውም። ነገር ግን በሥጋቱ ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ሌላ ነገር ተሸሽጎ ይገኛል፤ እርሱም የእጅ ሥራን ዝቅ አድርጎ የማየት የቆየ ልማድ ነው። አባቶቻችን ብረት የሚያቀልጠውን ቀጥቃጭ፥ ሸክላ የምትሠራውን ሸክላ ሠሪ እያሉ ይሰድቡ ነበር፤ በሠሩት ማረሻ እያረሱ፥ በሠሩት ድስት እየበሉ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በእጁ ሥራ እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። እኛ የደብረ ታቦር ልጆች ደግሞ ይህን ልንረሳ አይገባንም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት ከዚህ በእግር በሚደረስበት በጋፋት ነው። ጋፋት የእሳትና የመዶሻ ሰፈር ነበረች። በዚህ ምድር ላይ እየኖርን የሚሠራ እጅን ብንንቅ ታሪካችንን ንቀናል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የማይነካውን መንካት ድፍረት እንጂ ትምህርት አይደለም። ስለዚህ በክበባችን የማይሻር ሕግ አለን። ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ኮረንቲ አንነካም፤ ሥራችን ከ9 ቮልት በማይበልጥ ባትሪ ነው። ያረጀ ቴሌቪዥንና የኮረንቲ መለወጫ ሣጥን ከሶኬት ቢነቀልም በውስጡ ያለው ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቈይ ስለሚችል ያለ መምህር አንከፍትም። የስልክ ባትሪ አንበሳም፥ አናሞቅም፤ እሳት ይሆናልና። የመበየጃው ቅልቅል እርሳስ ስላለበት መስኮት ከፍተን እንሠራለን፥ እጃችንንም ሳንታጠብ አንበላም። ከሁሉም በፊት ደግሞ፥ አንድ ዕቃ ሳይከፈት ሥዕሉ ይሣላል፤ ብሎኖቹም በተፈቱበት ተራ በሲኒ ውስጥ ይቀመጣሉ። ይህን የመጨረሻውን ሕግ ለክበቡ ያቀረብሁት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱን ታውቃላችሁ።

አሁን ኑዛዜዬን ልፈጽም። 11ኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን «ያን ራዲዮ አምጣው» አሉኝ። በጥቁሩ ዘንግ ላይ ያለው ሽቦ ከብዙ ክሮች የተገመደ ነው፤ እያንዳንዱም ክር የየራሱ ሽፋን አለው። አንዱን ጫፍ ለማግኘት፥ ሽፋኑን ለመላጥና በቦታው ለመበየድ ሦስት ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ። የባትሪ ድንጋዩ መቀመጫ ዝጎ ነበርና ፋቅሁት። አንድ የደረቀ ካፓሲተርም ከሌላ የተጣለ ራዲዮ ባወጣሁት ተካሁ። ስከፍተው ጮኸ። ከደስታዬ ብዛት በሩጫ ወደ ቤት ወሰድሁት።

አያቴ በፀሐይ ተቀምጠው ነበር። ራዲዮውን በጉልበታቸው ላይ አኖርሁላቸው። ቁልፉን ሲያዞሩት ተናገረ። ምንም አላሉም፤ ድምፁን ጥቂት ቀነስ አድርገው እስከ ዜናው መጨረሻ አዳመጡ። ከዚያ በኋላ ገልብጠው ክዳኑን ዳሰሱ። «አንድ ብሎን ይጎድለዋል» አሉኝ። እጃቸውንም ወደ ኪሳቸው ሰደው የመነጽራቸውን ማኅደር አወጡ፤ ከማኅደሩ ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረች ያቺን ብሎን አውጥተው በመዳፌ ላይ አኖሯት። አራት ዓመት ሙሉ ጠብቀዋታል።

ጠጋኙ ራዲዮው አይድንም ባለ ጊዜ ብሎኗን ሊጥሏት ይችሉ ነበር። አልጣሏትም። ለምን እንደ ጠበቋት ጠይቄያቸው አላውቅም፤ እኔም ከዚያ ወዲህ የጀመርሁትን ሥራ ሳልጨርስ ልተው ስል ያች ብሎን ትታየኛለች።

የተከበራችሁ ወላጆች፥ ከናንተ ገንዘብ ልለምን አልመጣሁም። በየቤታችሁ ጥግ የተጣለ የማይሠራ ራዲዮ፥ የተሰበረ መጫወቻ፥ የቆመ ሰዓት ቢኖር ለልጆቻችሁ ስጡልን፤ ለክበባችንም ላኩልን። የሚሠራውን ሳይጠይቁ እንዳይነኩ ከልክሉ፤ የማይሠራውን ግን እንዲከፍቱ ፍቀዱ። ክቡራን መምህራኖቻችን ደግሞ፥ የፊዚክስ መምህራችን እንዳደረጉልኝ፥ መልሱን ከመንገራችሁ በፊት ጥያቄውን እንድትሰጡን እንለምናለን። እናንተም ጓደኞቼ፥ የከፈታችሁትን ለመዝጋት ቃል ሳትገቡ ምንም አትክፈቱ። የዘገየ ቢሆን እንኳ ዝጉት፤ እኔ አራት ዓመት ዘግይቻለሁ።

እኛ ልጆች ገና ብዙ ነገር እንከፍታለን፤ ከምንከፍተውም ጥቂቱ ይበላሻል። በዚያን ጊዜ ከወለሉ ላይ የወደቀውን ብሎን አንስታችሁ አስቀምጡልን።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር።